«የማውቀውን ጻፍኩ፤ ለምን ሰረዙብኝ?»

ጥያቄ፦
«ንብ በማነብ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ሠራተኛ ንብ እንቁላል ከተጣለ በ21 ቀን ትወጣለች የሚል አነበብኩ። በእኛ ቀፎዎች ከ20 ቀን ባነሰ ስለምትወጣ ቁጥሩን ወደ 19 አስተካከልኩት። በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ነበረበት መለሱት። እኔም መለስኩ፣ እነሱም መለሱ፤ አራተኛው ላይ ለ24 ሰዓት ታገድኩ። ስለ ማኅበራችን የጻፍኩት ገጽ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ‹ማስታወቂያ ነው› ተብሎ ተሰረዘ። ጽሑፉን የወሰድኩት ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሳችን በራሪ ወረቀት ነው። ድጋፍ ይሆነኛል ብዬ ሦስት ጓደኞቼ አካውንት ከፍተው እንዲከራከሩልኝ ባደርግ ጭራሽ በማጭበርበር ተጠረጠርን። የተጠቃሚ ስሜ የማኅበራችን ስም በመሆኑም ችግር አለው ተብያለሁ። ሕጉን ላንብብ ብል ማለቂያ የለውም። ‹ማንም ሰው ሊያርመው ይችላል› የሚሉት ውሸት ነው? ከየት ልጀምር?»
— የተሰረዝኩት

መልስ፦
ውድ ጠያቂያችን፣

ውሸት አይደለም፤ ግን ማረምና ያረሙት እንዲቆይ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የገጠመዎት ነገር አምስት የተለያየ ችግር ይመስላል። ሁሉም የሚመነጨው ግን ከአንድ ነገር ነው፦ እዚያ ቤት እርስዎ ማን እንደሆኑ ማንም ሊያውቅ አይችልም። «ንብ አናቢ ነኝ» ማለት ቀፎ አይቶ ለማያውቅ ልጅም ይቻለዋል። ስለዚህ አንባቢው የሚታመነው ነገር ከጸሐፊው ማንነት ወጥቶ ወደ ምንጩ ተሻግሯል። ሕጎቹን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይህን ይዞ ማንበብ ይሻላል፤ አብዛኞቹ ለምን እንደተጻፉ በራሳቸው ይገለጣሉ።

ይህ ጥንቃቄ ከባዶ አልመጣም። ዊኪፒዲያ በጥር እ.ኤ.አ. 2001 ሲጀመር በጣም ልቅ ነበር። በ2005 አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ጆን ሲገንታለር ስለተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የሐሰት ታሪክ ጻፈ፤ ጋዜጠኛውን ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ጋር የሚያገናኝ ነበር። ጽሑፉ ማንም ሳያርመው ለወራት ቆየ። ነገሩ ከታወቀ በኋላ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አካውንት የሌለው ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ተከለከለ። በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፈው ላይ ያለው ጥብቅ ደንብም ከዚያ በኋላ ተጠናከረ። ዛሬ በእንግሊዝኛው ላይ አዲስ ገጽ በቀጥታ ለመክፈት አካውንቱ ቢያንስ 4 ቀን የሞላውና 10 አርትዖት የሠራ መሆን አለበት። አንዳንድ አከራካሪ ርዕሶችን ለመንካት ደግሞ 30 ቀንና 500 አርትዖት ይጠየቃል። እነዚህና ከታች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች የእንግሊዝኛው ናቸው፤ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ደንብ ያወጣል፤ በአንዱ የተፈቀደ በሌላው ላይፈቀድ ይችላል።

አሁን ወደ 21 ቀኑ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር እርስዎ ያዩት ነገር ስህተት አይመስለንም። የ21 ቀኑ ቁጥር በመማሪያ መጻሕፍት የታወቀ ነው፦ አውራዋ ወደ 16፣ ሠራተኛዋ ወደ 21፣ ድንጉላው ወደ 24 ቀን። ቁጥሩ በዋናነት የተለካው ግን በአውሮፓ ንቦች ላይ ነው። የአፍሪካ ንዑስ ዝርያዎች ሠራተኞች ትንሽ ቀደም ብለው እንደሚወጡ በጥናት ተጽፏል። የእርስዎ አርትዖት የወደቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ምንጭ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ምንጭ ያለውን ቁጥር አጥፍቶ በቦታው ምንጭ የሌለው አስቀመጠ። ከዓረፍተ ነገሩ ጀርባ ያለው ማጣቀሻ አሁንም 21 ነው የሚለው፤ ከፊቱ ግን 19 ተጽፎበታል። አንባቢ ያንን መጽሐፍ ቢከፍት ጽሑፉና ምንጩ አይገናኙም። ለጠባቂዎቹ ከባዶ ዓረፍተ ነገር የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሆን ብለው ቁጥር የሚቀያይሩ አበላሺዎች ዘወትር የሚሠሩት እንዲህ ስለሆነ ከነሱ ለመለየት አይቻልም። በደቂቃዎች ውስጥ መመለሱም አይግረምዎት። ምንጭ የሌለው የቁጥር ለውጥ አዳዲስ አርትዖቶችን የሚከታተሉት ሰዎች ቶሎ የሚያዩት ነገር ነው። ግልጽ ብልሽትን በራሳቸው የሚመልሱ ቦቶችም (ሰው ሳይነካቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) አሉ። ቦት በስህተት ከመለሰብዎ በውይይት ገጽዎ ላይ በሚተወው መልእክት ውስጥ የስህተት ማመልከቻ ማስፈንጠሪያ አለ፤ ከማሽን ጋር መመላለስ ትርፍ የለውም።

ትክክለኛው አሠራር ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ምንጩ፣ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩ። ስለ ንብ ሥነ ሕይወት የተጻፈ መጽሐፍ ወይም በባለሙያዎች የተገመገመ የጥናት መጽሔት ይፈልጉ። የሚፈልጉትን ቁጥር የያዘውን ገጽ ያግኙ። 21ን አይንኩት። ከእሱ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ ዓረፍተ ነገሩም የትኛውን ንዑስ ዝርያ እንደሚመለከት ይጥቀስ። ምንጩ «በአንዱ ንዑስ ዝርያ» ካለ እርስዎ «በአፍሪካ ንቦች ሁሉ» ብለው አያስፉት። ይህን የሚከለክለው «የራስ ምርምር አይጻፍ» የሚለው ፖሊሲ ሲሆን ባለሙያዎችን አብዝቶ የሚያሰናክለውም እሱ ነው። ሁለት ምንጮች ያልተናገሩትን ሦስተኛ ድምዳሜ እርስዎ አገናኝተው ማውጣትም በዚሁ ክልክል ነው። አንዱ ምንጭ «ሙቀት ሲጨምር ዕድገት ይፈጥናል» ቢል፣ ሌላው «የዚህ አካባቢ ሙቀት ከፍተኛ ነው» ቢል፣ «ስለዚህ እዚህ ንብ ቶሎ ይወጣል» የሚለው የእርስዎ ሐሳብ ነው፤ ምንም ያህል ግልጽ ቢመስል አይገባም።

ማጣቀሻ ማስገባቱ ቀላል ነው። በእይታ አርታኢው (ገጹን እንደሚነበብ ሆኖ በሚያሳየው) ጠቋሚውን ከዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ሥርዓተ ነጥብ በኋላ ያስቀምጡ፤ ማጣቀሻ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ የድረ ገጹን አድራሻ ወይም የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ይለጥፉ። ማሽኑ ርዕሱን፣ ደራሲውንና ዓመቱን ራሱ ይሞላል። ብዙ ጊዜ ግን ያሳስታል፦ የድረ ገጹን ስም ደራሲ ያደርጋል፣ ቀኑን ይዘላል። ከማስገባትዎ በፊት ያንብቡት። መጽሐፍ ከሆነ የገጽ ቁጥሩን በእጅዎ ይጨምሩ፤ አራት መቶ ገጽ ያለውን መጽሐፍ እንዲሁ ጠቅሶ መሄድ ማንም እንዳያረጋግጠው ማድረግ ነው። ከማስቀመጥዎ በፊት የሚታየውን የማጠቃለያ መስመርም ባዶ አይተዉት። «የንዑስ ዝርያ ልዩነት ከምንጭ ጋር ተጨመረ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። አዲስ ስምና ባዶ ማጠቃለያ አንድ ላይ ሲመጡ ጥርጣሬ ይስባሉ።

ምን ዓይነት ምንጭ እንደማይሆንም ይወቁ። ብሎግ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፍ፣ በግል የታተመ መጽሐፍና የኢንተርኔት መድረክ ውይይት በጥቅሉ አይቆጠሩም። ሌላው የዊኪፒዲያ ገጽም ምንጭ አይደለም፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን። ከዊኪፒዲያ የቀዱ ድረ ገጾችና መጻሕፍት ስላሉ ስህተቱ ተመልሶ ራሱን ሲያጣቅስ ታይቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስጻፉት ጽሑፍ ከሌሉ መጻሕፍት ጋር ሊመጣ ይችላል፤ እያንዳንዱን ማጣቀሻ ከፍተው ካላዩት አያስገቡት፤ አንድ የሌለ መጽሐፍ ከተገኘ የሠሩት ሁሉ ይመረመራል። ከእርስዎ ሙያ አንጻር አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ ማር ቁስል ያድናል፣ ሳል ያስታግሳል የሚሉ ነገሮችን ለመጻፍ የሚጠየቀው ምንጭ ከሌላው ሁሉ የጠበቀ ነው። ለሕክምና ጉዳይ አንድ ነጠላ ሙከራ አይበቃም፤ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የገመገመ ጽሑፍ ወይም የታወቀ የሕክምና መመሪያ ያስፈልጋል።

ወደ እግዱ ስንመጣ፣ የተጣለብዎት 19 ስላሉ አይመስለንም። «የሦስት መመለስ ሕግ» የሚባል አለ፤ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የመለሰ ይታገዳል። የሚቆጠረው አንድ ዓይነት ለውጥ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ገጽ ላይ የማንንም ሰው ሥራ በከፊልም ቢሆን መቀልበስ ይደመራል። ሦስቱም ደግሞ የተፈቀዱ አይደሉም፤ በሁለተኛው ላይ ሊታገዱ ይችላሉ፤ 24 ሰዓቱን ጠብቀው በ25ኛው ቢመልሱም እንዲሁ። እውነት ከእርስዎ ጋር መሆኑ እግዱን አያስቀርም፤ ለግልጽ ብልሽትና በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለተጻፈ ምንጭ አልባ ክስ ግን የተለየ ነገር አለ። «ብልሽት» ሲባል ደግሞ ሆን ብሎ ማበላሸት ማለት ብቻ ነው። የመለሰብዎትን ሰው በማጠቃለያው መስመር «አበላሺ» ብለውት ከሆነ እሱ ራሱ እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ልማዱ እንዲህ ነው። ደፍረው ይለውጣሉ። ሌላው ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ገጹን ትተው ወደ ውይይት ገጹ ይሄዳሉ። አንድ መመለስ የውይይት ግብዣ ነው ብለው ይውሰዱት፤ ስድብ አድርጎ መውሰዱ ብዙ ጎበዝ ሰው ከዚያ ቤት አስወጥቷል። መጀመሪያ የገጹን ታሪክ ይክፈቱ። እዚያ እያንዳንዱ ለውጥ በሰዓቱ፣ በሠራው ሰው ስምና በማጠቃለያው ተመዝግቧል። ሁለት ቅጂዎችን መርጠው ልዩነታቸውን ጎን ለጎን ማየት ይችላሉ። የመለሰው ሰው ምክንያቱን ብዙ ጊዜ እዚያችው መስመር ላይ ጽፎታል፤ አዲስ ሰው ግን ይህን ገጽ መኖሩንም ሳያውቅ ይናደዳል። ከዚያ በጽሑፉ የውይይት ገጽ ላይ አዲስ ርዕስ ከፍተው እንደዚህ ያለ ነገር ይጻፉ፦

«በዕድገት ክፍሉ 21 ቀን የሚለው ለሁሉም ንዑስ ዝርያ እንደሚሠራ ሆኖ ተጽፏል። በመጽሐፉ ገጽ እዚህ ላይ (ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ ገጽ) የአንዱ ንዑስ ዝርያ ቁጥር የተለየ ነው። 21ን ሳልነካ ከሥሩ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር አስቤያለሁ። ተቃውሞ አለ?»

መጨረሻው ላይ አራት የሞገድ ምልክት (~~~~) ያድርጉ፤ ሲያስቀምጡት ወደ ስምዎና ወደ ሰዓቱ ይለወጣል። «መልስ» የሚለውን ቁልፍ ከተጠቀሙ ራሱ ይፈርምልዎታል። ስለ ገጹ እንጂ ስለ ሰውዬው አይጻፉ፤ «ስንት ዓመት ነው ንብ ያነቡት?» የሚለው ጥያቄ ምንም አያመጣልዎትም። ጥቂት ቀን ይጠብቁ። አንድ ሳምንት ያህል ማንም ካልመለሰ ዓረፍተ ነገሩን ከምንጩ ጋር ያስገቡ፤ በማጠቃለያው «ውይይቱን ይመልከቱ» ይበሉ። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ካልተስማማችሁ የሦስተኛ ሰው አስተያየት የሚጠየቅበት ገጽ አለ። ያም ካልሆነ የብዙኃን አስተያየት መጠየቂያ ይከፈታል፤ እሱ እንደ ልማድ 30 ቀን ያህል ይቆያል። ለአንድ ቁጥር እዚያ ድረስ መሄድ ግን አንመክርም።

የማኅበሩ ገጽ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ የምንለውም ደስ ላይልዎት ይችላል። በአንድ ምት ሦስት ነገር ነክተዋል። የመጀመሪያው የቅጂ መብት ነው። በራሪ ወረቀቱ የራሳችሁ መሆኑ አይበቃም። ዊኪፒዲያ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲለውጠው፣ እንዲሸጠውም በሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ይለቀቃል፤ ማኅበሩ ይህን ፈቅዶ በይፋ ካላረጋገጠ በቀር ገልብጦ መለጠፍ ወዲያው የሚያሰርዝ ጥፋት ነው። ማረጋገጫ በኢሜይል የሚላክበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን አይድከሙበት፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ነገር ይከተላል። የበራሪ ወረቀት ቋንቋ ማስታወቂያ ነው። «በጥራት ግንባር ቀደም»፣ «ለኅብረተሰቡ የማይተካ አገልግሎት» የመሳሰለው ከተገኘ አስተዳዳሪ ሳይወያይ ሊሰርዘው የሚችልበት የፈጣን ስረዛ መስፈርት አለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሄደውም በዚህ ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ማኅበሩ ለዊኪፒዲያ ገጽ ይበቃል ወይ? መለኪያው መልካም ሥራ መሥራቱ አይደለም፤ የአባላቱ ብዛትም ዕድሜውም አይደለም። የሚጠየቀው ከማኅበሩ ነጻ የሆኑ፣ ተአማኒ የሆኑ ጸሐፊዎች ስለ ማኅበሩ በስፋት ጽፈዋል ወይ ነው። አራቱን ቃላት አንድ በአንድ ይፈትሹ። ነጻ፦ ማኅበሩ የላከው መግለጫ ጋዜጣ ላይ ቢወጣም ነጻ አይደለም፤ ሊቀመንበሩ ስለ ማኅበሩ የሰጡት ቃለ መጠይቅም በአብዛኛው አይቆጠርም። ተአማኒ፦ አርታኢ ያለው፣ ሲሳሳት የሚያርም። ስለ ማኅበሩ፦ ስለ ማር ገበያ በተጻፈ ዘገባ ውስጥ ስሙ መጠቀሱ አይሆንም። በስፋት፦ ምረቃ፣ ሹመት፣ የሽልማት ዜና ሁለት አንቀጽ ነው፤ አያልፍም። ለድርጅቶች ይህ መመሪያ ከሌሎቹ ይጠብቃል፤ ሰው ሁሉ የራሱን ድርጅት ማስገባት ስለሚፈልግ ነው። ገምጋሚ ፊት ሃያ ደካማ ማጣቀሻ ከማቅረብ ሦስት ጠንካራ ማቅረብ ይሻላል። ሦስት ካላገኙ ይተዉት። ምንጩ ሳይኖር ጽሑፉን ምንም ቢያሳምሩት ውጤቱ አይለወጥም፤ ለምንጭ እጦት መድኃኒቱ የአጻጻፍ ችሎታ አይደለም።

ሦስቱን አገኙ እንበል። አሁንም በቀጥታ አይክፈቱት፤ አባል ስለሆኑ የጥቅም ግጭት አለብዎት። በተጠቃሚ ገጽዎ ላይ አባል መሆንዎን ይጻፉ። ማኅበሩ ደመወዝ ወይም ሌላ ክፍያ የሚሰጥዎት ከሆነ መግለጹ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ አይደለም፤ የአጠቃቀም ውሉ ግዴታ ነው፤ ማን እንደከፈለና ለማን እንደሚሠሩ ይጠይቃል። ከዚያ በረቂቅ ቦታ ይጻፉና ለግምገማ ይላኩት። ገምጋሚዎቹ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። መልሱ ሁለት ዓይነት «አይሆንም» ሊሆን ይችላል፦ አንደኛው «አሻሽለው መልሰህ ላክ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ርዕሱ ራሱ አይበቃም፣ አትልከው» ማለት ነው። የሚደርስዎት መልእክት የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል፤ የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ቆጥሮ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። ለስድስት ወር ያልተነካ ረቂቅ ይሰረዛል፤ ሲጠይቁ ግን ይመለሳል። የማኅበሩ ገጽ አንድ ቀን ከተከፈተ በኋላም እርስዎ በቀጥታ አያርሙት። በውይይት ገጹ ላይ የማስተካከያ ጥያቄ ያስቀምጡ፤ «ይህ ዓረፍተ ነገር በዚህ ይተካ፤ ምንጩ ይህ ነው» በሚል ቅርጽ። «ገጹ ያረጀ መረጃ አለው፣ አስተካክሉልን» የሚል ጥያቄ ለወራት ሳይነካ ይቀመጣል።

የጓደኞችዎ ነገር በጣም አሳስቦናል፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። አንድ ሰው በብዙ አካውንት ሲከራከር ክልክል ነው፤ የተለያዩ እውነተኛ ሰዎች ለአንድ ወገን ድጋፍ ተጠርተው ሲመጡም ደንቡ በአንድ ዓይን ያያቸዋል። ከውጭ የሚያየው ሰው ሁለቱን መለየት አይችልምና። ከዚህም በላይ ጥቅም የለውም፤ የስረዛ ውይይት ድምፅ ብልጫ አይደለም። የሚዘጋው ሰው ምክንያቶቹን ይመዝናል፤ «ይቆይ፣ ጥሩ ማኅበር ነው» የሚሉ አራት ሰዎች አንድ ጥሩ ምንጭ ካመጣ ሰው ያንሳሉ። ጓደኞችዎ ዝም ይበሉ፤ አዲስ አካውንት ማንም አይክፈት። በታገዱበት ጊዜ በሌላ ስም መግባት 24 ሰዓቱን ወደ ቋሚ እግድ ሊለውጠው ይችላል። ከተጠየቁ በግልጽ ይናገሩ፦ ጓደኞቼ ናቸው፣ እኔ ጠርቻቸዋለሁ፣ ደንቡን አላውቅም ነበር፣ አይደገምም። ጥፋትን በአጭሩ ማመን ከረጅም መከላከያ ይልቅ ይሰማል።

ስሙን በተመለከተ፣ አካውንት የአንድ ሰው እንጂ የድርጅት መሆን አይችልም። የማኅበሩን ስም ብቻውን መያዝ አይፈቀድም፤ የራስዎን መጠሪያ አስቀድመው «ከዚህ ማኅበር» የሚል ማከል ግን ይቻላል። ለስም የሚጣል እግድ ብዙውን ጊዜ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ስለዚህ የ24 ሰዓቱ ካለፈ በኋላም ሊገጥምዎት ይችላል። የእግዱን መልእክት እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ አዲስ አካውንት መክፈት ይፈቀድልዎ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። ካልተፈቀደ በራስዎ የውይይት ገጽ ላይ አዲስ ስም ጠቅሰው እግዱ እንዲነሳ ያመልክቱ። ማመልከቻው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ለምን እንደታገዱ መረዳትዎን፣ ምን እንደማይደግሙ፣ ከዚህ በኋላ ስለምን እንደሚጽፉ። የሌሎችን ጥፋት መዘርዘር ከጀመሩ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል።

«ሕጉ ማለቂያ የለውም» ላሉት፣ ሁሉንም ያነበበ ሰው ያለ አይመስለንም። ገጾቹ እኩል ክብደት የላቸውም። ከየገጹ አናት ያለው ሣጥን ፖሊሲ፣ መመሪያ ወይም አስተያየት መሆኑን ይናገራል። ፖሊሲ ይከበራል፤ መመሪያ እንደ ሁኔታው ይለዝባል፤ አስተያየት የጥቂት አርታኢዎች ምክር ነው፤ አንዳንዴ ግን እንደ ሕግ ይወረወርብዎታል። ለመጀመሪያው ወር ገለልተኛ አመለካከት፣ ማረጋገጥ መቻል፣ የራስ ምርምር ክልከላና የቅጂ መብት ይበቁዎታል። ስለ ሰው የሚጽፉ ከሆነ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚለውን ይጨምሩ። የቀረውን ሰው ሲጠቅስብዎት ያንብቡ። ነባሮቹ «ኤን-ፒ-ኦ-ቪ» (ገለልተኛ አመለካከት)፣ «ሲ-ኦ-አይ» (የጥቅም ግጭት)፣ «አር-ኤስ» (ተአማኒ ምንጭ) እያሉ በምህጻር ሲናገሩ የተለየ ቋንቋ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እነዚያ ፊደሎች ራሳቸው ማስፈንጠሪያ ናቸው፤ ቢጫኗቸው ወደ ደንቡ ገጽ ይወስዳሉ። ጥያቄ ሲኖርዎት «ሻይ ቤት» በሚል ስም ለአዲስ አርታኢዎች የተከፈተ የጥያቄ ገጽ አለ። ሲጠይቁ የገጹን ስምና የተመለሰብዎትን ለውጥ ያስቀምጡ፤ «ለምን ይሰርዙብኛል?» ብቻ ቢሉ ሊረዳዎት የሚፈልግም የሚይዘው ነገር ያጣል። አዲስ ሰውን አታስበርግጉ የሚል መመሪያም አለ፤ ሁሉም ያከብረዋል ግን አንልም። በጥቂት ቃል የሚመልስ ነባር ሲያጋጥምዎት በዚያ ቀን ስንት አበላሺ ሲያባርር እንደዋለ አያውቁም።

እግዱ ሲነሳ ቶሎ ወደ ንቡ ገጽ አይመለሱ። «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ፈልገው በንብ ማነብ መጻሕፍትዎ ምንጭ ይስጧቸው፤ ይህን ማንም አይመልስብዎትም ለማለት ይቻላል፤ ማጣቀሻ አሠራሩንም ያለ ጭቅጭቅ ይለምዳሉ። በአካውንትዎ መነሻ ገጽ ላይ ለጀማሪ የሚሆኑ ሥራዎች ይዘረዘራሉ፤ ጥያቄ የሚቀበል ነባር አርታኢም ሊመደብልዎት ይችላል። ያረሟቸውን ገጾች በክትትል ዝርዝርዎ ያስገቡ። ሥራዎ ሲመለስ ወይም ሲሻሻል እዚያ ይታያል፤ ነባሮቹ የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንዳሳጠሩት ማየት ደንብ ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል። «ጥቃቅን ለውጥ» የሚለውን ሣጥን ለፊደል ስህተት ብቻ ይጠቀሙበት፤ ቁጥር መቀየር ጥቃቅን አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የራስዎ ልምድ ያለ መጽሐፍ ምስክርነት የሚገባበት በር። ያነሱት ፎቶግራፍ እንደ ራስ ምርምር አይቆጠርም፤ ያልታተመ ሐሳብ ለማስረዳት እስካልቀረበ ድረስ። እንቁላሉን፣ እጩን፣ የታሸገውን ክፍል፣ ሙሽሬውንና ክዳኗን በልታ የምትወጣውን ሠራተኛ ንብ በየደረጃው ማንሳት የሚችል ሰው ብዙ የለም። የሚጫነው በዊኪሚዲያ ኮመንስ (የዊኪፒዲያ እህት በሆነው የፎቶግራፍና የሌሎች ፋይሎች ማከማቻ) ላይ ነው፤ እዚያ ከገባ የሁሉም ቋንቋ ዊኪፒዲያ ይጠቀምበታል። ካሜራውን የያዙት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ብቻ «የራሴ ሥራ» ይበሉ፤ ከኢንተርኔት ያገኙትንና የጓደኛዎን አይጫኑ። በሙሉ መጠኑ ያስገቡት፤ የማኅበሩን ዓርማ ወይም ስምዎን በሥዕሉ ላይ አያትሙ። በመግለጫው ንዑስ ዝርያውን (እርግጠኛ ካልሆኑ «የማር ንብ» ብቻ)፣ የዕድገት ደረጃውን፣ ቀኑንና ከክፈፉ የትኛው በኩል እንደሆነ ይጻፉ። የፋይሉን ስም ካሜራው በሰጠው ቁጥር አይተዉት፤ ምን እንደሚያሳይ የሚናገር ስም ይስጡት። ካልሆነ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።